የባለቤቴ ቁጥሮችና የጀውሃራ እጆች

ባለቤቴ የኔነሽ መዋሸት አይሆንላትም። ይህን የምለው ላሞካሻት አይደለም፤ አብሯት ለሚኖር ሰው ከባድ ነገር ነው። አዲስ ሸሚዝ ለብሼ "እንዴት ነው?" ብላት "ሆድህን አውጥቶታል" ትለኛለች። እንግዳ ጠርታ ወጡ ጨው ከበዛበት፣ ገና ማንም ሳይቆርስ "ጨው በዝቶበታል፣ እወቁት" ብላ ታውጃለች። ሰርግ ተጠርተን ሙሽሪት ካማረች "አምራለች" ትላለች፤ ካላማረች ዝም ትላለች፣ የዝምታዋን ትርጉም ደግሞ ሲያትል ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ይርጉ የታክሲ ሾፌር ነኝ። በኖቬምበር ለመጣ ተሳፋሪ "አይዞህ፣ ነገ ፀሐይ ነው" እያልኩ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። ከእንዲህ ዓይነቷ ጋር እንዴት እንደተጋባን ፈጣሪ ይወቀው።

ስንተዋወቅ ሲታክ ኤርፖርት ፓርኪንግ ውስጥ፣ እንደ ቁም ሣጥን በጠበበች የመስታወት ቤት ተቀምጣ ሂሳብ ትቀበል ነበር። ያኔም በቁጥር ቀልድ አታውቅም። ከሥራ በኋላ ኮሌጅ ገብታ ሜዲካል ቢሊንግ ተማረች፤ ፈተናውን አለፈችና ፈርስት ሂል የሚባል ሰፈር ካለ አንድ ክሊኒክ ተቀጠረች። ክሊኒኩ ሰዎች ወደ ኋላ የሚጋደም ወንበር ላይ ጋደም ብለው መድኃኒት በደም ሥራቸው ቀስ እያለ የሚንጠባጠብላቸው ቦታ ነው። ነርሷ ምን እንደሰጠች፣ ስንት ሰዓት እንደጀመረች፣ ስንት ሰዓት እንደጨረሰች ትጽፋለች፤ የኔነሽ ያንን ወደ ቁጥር ለውጣ ለኢንሹራንስ ትልካለች። መድኃኒቱ የራሱ ቁጥር አለው፣ ማንጠባጠቡ የራሱ፣ ከአንድ ሰዓት አልፎ ብዙ ከቆየ ደግሞ ተጨማሪው ሰዓት የራሱ። ከብልቃጡ ተርፎ የተደፋው እንኳ የራሱ ምልክት አለው አሉ።

ነርሶቹ ይፈሯታል። አንዷ የጨረሰችበትን ሰዓት መጻፍ ከረሳች የኔነሽ ኮል ታደርግና "የጀመርሽበት እዚህ አለ፤ ያበቃሽበትስ? እስካሁን እየተንጠባጠበ ነው እንዴ?" ትላለች። ይህ አመሏ ቤትም ይከተላታል። "ስንት ሰዓት ወጣህ፣ ስንት ሰዓት ደረስክ" ስትለኝ "ለኢንሹራንስ ልትልኪኝ ነው?" እላታለሁ። ሥራዋን ግን ትወዳለች። ጠዋት ከምንኖርበት ከሾርላይን አውቶቡስ ልትይዝ ስትወጣ ፊቷ ፈካ ያለ ነው፤ እኔ በዚያ ሰዓት ፊቴ ምን እንደሚመስል ባልናገር ይሻላል። ሰው "ባለቤትህ ምን ትሠራለች?" ሲለኝ "ሆስፒታል ናት" ብዬ እገላገል ነበር።

ከአፏ የበሽተኛ ስም አይወጣም። ሂፓ የሚሉት ሕግ አለ፤ የታካሚ ነገር ለባልም አይነገርም። የጓደኛዬ የኑርሑሴን ሚስት ጀውሃራ እዚያው ክሊኒክ እንደምትታከም የማውቀው ከራሱ ከኑርሑሴን ነው። "ዛሬ ጀውሃራ እናንተ ጋ መጥታ ነበር አይደል?" ስላት የኔነሽ "ሾርባው ይቀዘቅዝብሃል" ትለኛለች። ሾርባ የሌለበት ቀንም እንደዚያው።

ኑርሑሴን የኮምቦልቻ ሰው ነው። ኤርፖርት አጠገብ ታክሲዎች ተራ የሚጠብቁበት ግቢ ውስጥ ስንት ዘመን ጎን ለጎን ፓርክ አድርገናል። እሱና ጀውሃራ ሲከራከሩ የሚውሉ ባልና ሚስት ናቸው። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ከእሷ ጋር ሲሟገት ግቢው ሙሉ ይሰማል፤ ግማሹ ሾፌር ለእሷ ይፈርዳል። ጀውሃራ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሲታክ አንድ ሱቅ ውስጥ ሱሪ ታሳጥራለች፣ ቀሚስ ታጠብባለች። እጇ ወርቅ ነው። ታዲያ እነዚያ ጣቶች ማበጥ ጀመሩ። ጠዋት ስትነሳ እጇ አይዘረጋም፣ መቀስ መያዝ ቀርቶ የራሷን ቁልፍ መቆለፍ አቃታት። ዶክተሩ የመገጣጠሚያ በሽታ ነው፣ ሰውነትሽ ራሱን እየተዋጋ ነው አላት። ክኒኑ አልሠራም። በኋላ በየስምንት ሳምንቱ የሚንጠባጠብ መድኃኒት አዘዘላት። ብዙም ሳይቆይ ኑርሑሴን ወደ ግቢው መጥቶ "ዛሬ ጨርቅ በመቀስ ቆረጠች" ሲለን እንደ ልጅ እያለቀሰ ነበር። ሻይ ጋበዘን።

ነገሩ የተበላሸው በ2012፣ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ነው። ኑርሑሴን ከመኪናዬ ጎትቶ አወጣኝና ወደ ግቢው ጥግ ወሰደኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። ቤት ቀይረው ስለነበር አዲሱን አድራሻ ለማስመዝገብ ኢንሹራንሱ ጋ ደውሎ ኖሯል። ኢንሹራንሱ በእሱ ስም ስለሆነ፣ ስልኩን ያነሳችው ልጅ መዝገቡ የእነሱ መሆኑን ለማጣራት ጀውሃራ መጨረሻ የታከመችውን አነበበችለት። ኪሞቴራፒ አለችው። ድገሚልኝ አላት፤ ደገመችለት።

"ካንሰር ነው ይርጉ" አለኝ። "እሷ አታውቅም። ዶክተሩ መገጣጠሚያ ነው ብሎ ነው የነገራት።"

"የአሜሪካ ዶክተር?" አልኩት። "የአሜሪካ ዶክተር ምን ይደብቃል? ፊት ለፊት ነው የሚያፈርጠው።"

"እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያልኩት። ኋላ ግን ገባኝ። የኔነሽ እዚያ ናት አይደል? እሷ ናት ለዶክተሩ፣ በእኛ ባህል እንዲህ ያለ ነገር ለታማሚው አይነገርም ብላ ያስረዳችው። አላህ ይስጣት። ወላሂ ውለታዋን አልረሳም። አመስግንልኝ።"

ያን ጊዜ ትንሽ ማሰብ ነበረብኝ። ወጧን ሰው ሳይቀምሰው የምታጋልጥ ሴትዮ ዶክተር አሳምና ታስዋሻለች? ግን ምን አባቴ ላድርግ፣ ኮራሁባት። ያቺ ደረቅ ሴት ለካ እንዲህም ታውቅበታለች አልኩ በልቤ።

እኛ እንዲህ ነው ያደግነው። ክፉ በሽታ ለያዘው ሰው "ጨጓራ ነው፣ ብርድ ነው" ይባላል፤ ሸክሙን ቤተ ዘመድ ይሸከመዋል። ግቢው ውስጥ ያለው ሾፌር ሁሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ በዚህ ያደገ ስለሆነ ምስጢሩ በደንብ ተጠበቀ። ከጀውሃራ በቀር ያልሰማ አልነበረም።

የዚያኑ ዕለት ራት ላይ ለየኔነሽ ምስጋናውን አደረስኩ።

"ምኑን ነው የሚያመሰግነኝ?" አለች። ነገርኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች። ፊቷ ሲጠቁር አየሁት።

"ስለ ሰው ላወራህ አልችልም" አለች። "ስለ ቁጥር ግን ላወራህ እችላለሁ። መብላትህን ተወውና ስማኝ።"

ሶ፣ በተጋባን በስንት ዘመናችን ስለ ሥራዋ ቁጭ ብዬ የሰማሁት ያን ቀን ነው። መድኃኒት ማንጠባጠብ ሁሉ አንድ አይደለም አለችኝ። ቀላሉ፣ እንደ ግሉኮስና እንደ አንቲባዮቲክ ያለው፣ የራሱ ቁጥር አለው። የካንሰር መድኃኒት ደግሞ አቀማመሙ ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ነርሷ ከአጠገብ አትጠፋም፣ ሰውነት ድንገት ሊቆጣ ስለሚችል ግፊትና ሙቀት ደጋግማ ትለካለች፤ ስለዚህ ለብቻው ሌላ ቁጥር ተሰጠው፣ 96413። ከጊዜ በኋላ በሕያው ሴል ውስጥ የሚመረቱ አዳዲስ መድኃኒቶች መጡ፤ ለመገጣጠሚያ፣ ለአንጀት፣ ለቆዳ በሽታ። የካንሰር አይደሉም። አሰጣጣቸው ግን ያንኑ ጥንቃቄና ያንኑ ጥበቃ ይፈልጋል። የቁጥሩን መጽሐፍ ያዘጋጁት ሰዎች እነዚህንም እዚያው 96413 ውስጥ አስገቧቸው። መጽሐፉ ላይ ነገሩ በዝርዝር ተብራርቷል፤ ስልክ የምታነሳዋ ልጅ ኮምፒዩተር ላይ ግን የሚታየው አጭሩ ነው፣ እሱም ኪሞቴራፒ ይላል።

"ኦኬ" አልኩ። "እና ካንሰር ነው ማለት ነው?"

ልጃችን ኖላዊት ከስልኳ ቀና ሳትል "ዳድ፣ ኢትስ ኖት ዘ ሲክነስ" አለችኝ። ቁጥሩ የበሽታው አይደለም ማለቷ ነው፤ እሷ ገብቷታል።

የኔነሽ ተነፈሰች። "ሜትርህ ስንት ማይል እንደነዳህ ያውቃል አይደል? ተሳፋሪው ለሰርግ ይሂድ ለለቅሶ ግን ያውቃል? የኔም ቁጥር መድኃኒቱ እንዴት እንደተሰጠ ነው የሚናገረው። በሽታው ሌላ ቁጥር አለው።"

አሁን ገባኝ። በማግስቱ ግቢው እስኪከፈት አላስቻለኝም። ኑርሑሴንን አገኘሁትና ሜትሩንም ግሉኮሱንም አንድ በአንድ ነገርኩት። እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ሰማኝ። ስጨርስ "አብሽር፣ ገብቶኛል" አለኝ። "እንዲህ በለው ብላህ ነው። እኔም እንዳልጨነቅ አስባልኝ ነው። እውነትም አስተዋይ ሴት ናት።" ስምል ስገዘት ጭራሽ ለእኔም ያዝንልኝ ጀመር። ደሜ ፈላ። እንዲህ ያለ ጣጣ አይቼ አላውቅም፤ ካንሰር ነው ብትለው ያምናል፣ አይደለም ብትለው የባሰ ያምናል።

ጀውሃራ ደግሞ ሞኝ አይደለችም። ባሏ ድንገት መከራከር አቆመ። ሳህን ያጥባል፣ "እሺ የኔ እናት" ይላል። ኤቨረት ከተማ የሚሠራው ልጃቸው ዒምራን፣ በወር አንዴ ብቅ ማለት የሚያቅተው፣ ቅዳሜም እሑድም እየመጣ አጠገቧ ይቀመጣል። የጎረቤት ሴቶች ምግብ ይዘው ይመጡና ዓይናቸውን እየጠረጉ ይወጣሉ። እህቷ ከኮምቦልቻ እየደወለች "ናፍቀሽኝ ነው" ብላ ታለቅስና ትዘጋለች። ጀውሃራ ኋላ እንደነገረችን፣ ቁርጡን ያወቀችው አንድ ማታ ነው። ሲተዋወቁ ቀድሞ ያናገረው ማን ነው በሚል ከተጋቡ ጀምሮ ሲከራከሩ ኖረዋል። ያን ማታ ስታነሳበት ኑርሑሴን "አንቺ ነሽ ልክ" አላት። ቁጭ አለች። ክሊኒኩ ውስጥ አጠገቧ ጋደም የሚሉት ፀጉራቸው የረገፈ ሰዎች ትዝ አሏት። ልሞት ነው፣ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ደብቆኛል አለች በልቧ።

ማንንም አልጠየቀችም። ብትጠይቅ የሚነግራት እንደሌለ ታውቃለች። ክሊኒኩ ጋ ደውላ የሐሙሱን ቀጠሮ ሰረዘች። አገሬ ገብቼ እናቴ ዘንድ ልሁን ብላ ለባሏ ነገረችው። ኑርሑሴን ይህን ሲነግረኝ "ትሂድ፣ እናቷን ትያት" አለ፤ ልቡ ደምቶ።

ለየኔነሽ ስነግራት ደነገጠች። የኔነሽ ስትደነግጥ አይቼ አላውቅም።

"አሁን የምነግርህ ስለ ቁጥርም አይደለም" አለች። "ስለ መድኃኒት ነው። ይህ ዓይነቱ መድኃኒት ተቋርጦ ከቆየ ሰውነት እንደ ጠላት ያየዋል። ኋላ ልመለስበት ቢሉት ላይሠራ ይችላል። የተዘረጋ እጅ ተመልሶ ይታጠፋል፤ ያኔ የሚዘረጋው ነገር ላይገኝ ነው።"

"ታዲያ ሄደሽ ንገሪያት።"

"የሰው ቤት ሄጄ የክሊኒክ ነገር አልናገርም። ራሷ ባለጉዳይዋ መጥታ፣ ነርሷ ባለችበት ስለ ራሷ ከጠየቀችኝ ግን መናገር እችላለሁ።" ዓይን ዓይኔን አየችኝ። "አንተ ደግሞ የታክሲ ሾፌር ነህ። ሰው ታደርሳለህ።"

ሐሙስ ጠዋት ጀውሃራ ቤት ሄድኩ። ሻንጣ ተከፍቷል፤ ለእናቷ የገዛችውን ሻርፕ እያጣጠፈች ነበር። "ተነሽ ጀውሃራ፣ የኔነሽ ጋ ላድርስሽ፤ የምትፈልጊውን ጠይቂያት" አልኳት። ኮቷን ለበሰች። ሀይዌይ ላይ ስንደርስ "ይርጉ፣ አንተም ታውቃለህ አይደል?" አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስ? ባሏ ያላመነኝን እሷ ታምነኛለች? ዝም ማለቴ ደግሞ እንደ መልስ ተቆጠረ፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ክሊኒኩ ስንደርስ የኔነሽ ሁልጊዜ ጀውሃራን ከምታክማት ፊሊፒናዊት ነርስ ጋር ቆማ ጠበቀችን። ነርሷ የተሰረዘውን ቀጠሮ ለሌላ ሳትሰጥ ይዛላት ኖሯል። እኔ ልወጣ ስል ጀውሃራ "ይቀመጥ፣ ከእሱ ምን የሚደበቅ አለ" አለች።

"የኔነሽ፣ ካንሰር ነው?"

"አይደለም።"

"ቢሆን ትነግሪኛለሽ?"

"እነግርሻለሁ።"

የኔነሽ ኮምፒዩተሩን ወደ እሷ አዞረችላት። የመድኃኒቱን ቁጥር፣ የአሰጣጡን ቁጥር፣ የበሽታውን ቁጥር ለየብቻ አሳየቻት፤ መገጣጠሚያ የሚለውን በጣቷ ነካችላት። ነርሷም በእንግሊዝኛ አከለችበት። ጀውሃራ ራሷን እየነቀነቀች ሰማች። ሲጨርሱ ፈገግ አለች፤ ለሕፃን ፈገግ እንደሚባለው። የየኔነሽን እጅ ያዘች።

"አላህ ይስጥሽ እህቴ። ደግ ነሽ። አልረሳሽም" አለችና ቦርሳዋን አንስታ ቆመች።

ሚስቴ በሕይወቷ እውነት ተናግራ ሳትታመን ስትቀር የመጀመሪያዋ ነው። እኔም ያን ጊዜ ፈራሁ፤ ይቺ ሴት ከዚህ በር ከወጣች እነዚያ እጆች አለቀላቸው።

ቀጥሎ የኔነሽ ተቆጣች።

"ደግ ነሽ?" አለች። "እኔ ነኝ ደግ? ቁጭ በይ። ለፋሲካ የሰፋሽልኝ ቀሚስ ትከሻው ጠማማ ነው።"

ጀውሃራ ቆም አለች። "ምን አልሽ?"

"ጠማማ ነው። የግራው ወደ ታች ይወርዳል። አንድ ቀን ለብሼው ሻንጣ ውስጥ ጣልኩት። ዚፑም ይይዛል።"

"ጠማማውማ ትከሻሽ ነው!" አለች ጀውሃራ። ድምፅዋ ተለወጠ፤ ግቢ ሙሉ የሚሰማው የጥንቱ ድምፅዋ መጣ። "ልክሽን ስወስድ ቀጥ ብለሽ ቁሚ ስልሽ ቆመሻል? በስልክ እያወራሽ፣ ትከሻሽን እየሰበቅሽ! ዚፑንስ ማን አመጣው? አንቺ አይደለሽም ከርካሽ ቤት ገዝተሽ ያመጣሽው?"

"ልብስ ሰፊ አይደለሽም? ዚፑ ክፉ ከሆነ አልሰፋም አትይም?"

"ይሉኝታ ይዞኝ ነዋ! አንቺ ለሰው ይሉኝታ ስለማታውቂ ነው!"

እያንዳንዷ ነገር ወጣች፤ የጨርቁ ቀለም፣ የእጅጌው ርዝመት፣ የየኔነሽ ወገብ። ሌሎቹ ታካሚዎች ከወንበራቸው ቀና ቀና አሉ። ነርሷ ወደ እኔ ጠጋ ብላ ጥበቃ ትጥራ እንደሆነ ጠየቀችኝ። "ኖ፣ ኖ፣ ጓደኛሞች ናቸው" አልኳት። ጀውሃራ ጣቷን ቀጥ አድርጋ የሚስቴ አፍንጫ ላይ ቀስራለች።

ድንገት አረፍተ ነገሯን ሳትጨርስ ቆመች። የኔነሽን ትክ ብላ አየቻት። የኔነሽ ከንዴቷ የተነሳ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል።

"ለምትሞት ሰው እንዲህ አይባልም" አለች ጀውሃራ ቀስ ብላ።

"አይባልም" አለች የኔነሽ።

ጀውሃራ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ። "አልሃምዱሊላህ" አለች፣ ደጋግማ። ከዚያ የእጅጌዋን ቁልፍ በራሷ ጣቶች ፈታችና ክንዷን ለነርሷ ዘረጋች። የኔነሽም አፍንጫዋን እየጠረገች ወደ ቢሮዋ ተመለሰች፤ ከበሩ ላይ ዞር ብላ ግን ለነርሷ ሰዓቱን እንዳትረሳ ነገረቻት።

ኑርሑሴን የሰማው ከራሷ ከጀውሃራ ነው። እኔን ያላመነውን ሰው እሷ እንዴት እንዳሳመነችው አላውቅም፤ በማግስቱ ግን ስልኩ ስፒከር ላይ ሆኖ ሲሟገቱ ግቢው ሙሉ ሰማ። ሾፌሮቹ ደስ ብሏቸው ዳር ዳሩን ያዙ።

ያን ሐሙስ የኔነሽን ራሴ ወደ ቤት መለስኳት። ዝናቡ ያካፋል፤ እሷ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ማሞቂያው ላይ ዘርግታለች። "እኔ ብሆን ኖሮስ ትነግሪኝ ነበር?" አልኳት።

"የዚያኑ ቀን" አለች። "ከዚያ አብረን እናለቅሳለን።"

ደስ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ልቤ እርፍ አለ። ትንሽ እንደሄድን እሷም "አንተስ? እኔ ብሆን ትነግረኛለህ?" አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። እነግርሻለሁ ማለት ቀላል ነበር። "እኔ እንጃ የኒ" አልኳት። "አንጀቴ የሚችል አይመስለኝም።"

ትቆጣለች ብዬ ነበር። እጇን ክንዴ ላይ አድርጋ፣ እስከ ሾርላይን ድረስ አላነሳችውም።